እንድትመክን ስለተደረገች ውሻ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፦

በደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ግቢያችንን የምትጠብቀው ውሻችን እንድትመክን ከተደረገች ወዲህ በመወፈሯና ከሳህኗ አልለይ በማለቷ፣ ጎረቤቶቻችን «ተበላሸች፤ ከእንግዲህ ሌባ አትይዝም» ማለታቸው አሳዝኖኛል። የእንቁላል እጢዋ ሲወጣ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ የምግብ ፍላጎቷ ይጨምራል፤ ሰውነቷ የሚያስፈልገው የምግብ ኃይል ግን ያንሳል። ስለዚህ ያወፈራት ቀዶ ሕክምናው ብቻ ሳይሆን የማዕድ ትራፊውን ሳንመጥን መስጠታችን ጭምር ነው። ምግቧን በሩብ ያህል ቀንሰን በየማለዳው ስናንሸራሽራት ክብደቷ ወደ ቀድሞው ተመልሷል። ጠባቂነቷም አልጎደለም፤ የቀረው ወንድ ውሾችን ከአጥራችን ሥር የሚሰበስበው የመራቢያ ወቅቷ ነው፤ እርሷም ማህፀን መግል ቋጥሮ ከሚገድልበት ሕመም ተርፋለች። ውሻችሁን የምታስመክኑ ወገኖቼ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ምግቧን እንድትመጥኑላት አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከደሴ