ከአርቲ ሾው ትዳሮች ይልቅ ክላርኔቱ ይነገር

ለአዘጋጁ፦

ክላርኔት ስለሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋችና ስለ ጃዝ ባንድ መሪው አሜሪካዊ አርቲ ሾው ያወጣችሁት ጽሑፍ ግማሹ ስለ ስምንት ትዳሮቹ ነው። ከሚስቶቹ መካከል የነበሩት የሆሊውድ ተዋናዮች የላና ተርነርና የኤቫ ጋርድነር ወሬ እንደሚጥም አልክድም። ሙዚቃው ግን ተረሳ።

ሾው እ.ኤ.አ. በ1938 ቢሊ ሆሊዴይን ቀጠረ። ጥቁር ዘፋኝ ከነጮች ባንድ ጋር ይዞ፣ የዘር መለያየት ሕግ በሆነበት የአሜሪካ ደቡብ ዞረ። ያኔ ይህ ቀላል ድፍረት አልነበረም።

የ1940ው የክላርኔት ኮንቼርቶውም (አንድ ተጫዋች በባንድ ታጅቦ ጎልቶ የሚጫወትበት ድርሰት) አለ። መጨረሻው ላይ ድምፁ ሽቅብ ይወጣል፣ ይወጣል፤ ከዚያ አንዲት ቀጭን ኖታ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ጎበዝ የሚባለውም ተጫዋች እዚህ ጋ ያልበዋል። ይህን ሰው በሚስቶቹ ብቻ ማስታወስ ግፍ ነው።

ሁለተኛ ክፍል አውጡ። ክላርኔት የሚጫወት ባለሙያ ይጻፈው፤ በ1954 መሣሪያውን ለምን እንዳስቀመጠም ያካትት።

አንድ አንባቢ