አንዱን ምረጡ ላሏችሁ ሰዎች፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ባለፈው ስንደዋወል «እማዬ፣ ሰዉ ሁሉ ሮክ ናችሁ፣ ብሉዝ ናችሁ ወይስ ጃዝ፤ አንዱን ምረጡ እያለ መግቢያ መውጫ አሳጣን» ያልሽኝ ከሐሳቤ አልወጣም። ኮንሰርታችሁም እየደረሰ ነው። በስልክ ያልኩሽ ስላልበቃኝ ብዕር አነሳሁ። የማጫውትሽ ስለ ካርሎስ ሳንታና ነው። ጊታሩን ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ስትሰሚው ነው ያደግሽው፤ ዛሬ ደግሞ የመጣበትን መንገድ ላውራሽ፤ እናንተን የሚጠይቋችሁን ይህንኑ ጥያቄ እሱ ከሃምሳ ዓመት በላይ መድረክ ላይ ቆሞ ሲመልሰው ኖሯልና። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

የተወለደው በ1947 ሜክሲኮ ውስጥ፣ በሃሊስኮ ግዛት፣ አውትላን ዴ ናቫሮ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ሆሴ ማሪያቺ የሚባለው የሜክሲኮ ባህላዊ ሙዚቃ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር፤ ልጁንም ከትንሽነቱ ጀምሮ ቫዮሊን አስያዘው። ቤተሰቡ የአሜሪካ ድንበር ላይ ወዳለችው ቲዋና ከተዛወረ በኋላ ግን እናቱ ሆሴፊና አንድ ቀን መናፈሻ ውስጥ የሚጫወት ባንድ እንዲሰማ ይዛው ወጣች። ሃቪየር ባቲስ የሚባል ወጣት ኤሌክትሪክ ጊታር አንግቶ ብሉዝ ይጫወታል። የልጁ ልብ እዚያው ቀረ። ሳን ፍራንሲስኮ ይሠራ የነበረው አባቱም ያገለገለ ጊታር ላከለት። ስለ ሳንታና ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው አባቱ ነው፤ እኔ ግን እናት ነኝና ያን ቀን ልጇን ይዛ የወጣችውን ሆሴፊናን ሳላነሳ አላልፍም።

ቫዮሊኑም ቢሆን ከእጁ የወጣ አይመስለኝም። ረጋ ብለሽ አዳምጪው። መፍጠን ሲያስፈልግ ይፈጥናል፤ መለያው ግን አንዲት ኖታ ይዞ መቆየቱ ነው። ክሩን አንዴ መትቶ፣ ድምፁን በቀስት እንደሚስብ ሰው ስቦ ስቦ፣ አድማጩ ትንፋሹን እስኪይዝ ድረስ አይለቀውም። ጊታር ከተመታ በኋላ ድምፁ ቶሎ የሚሞት መሣሪያ ነው፤ እሱ ግን አይሞትብኝም ብሎ የተነሳ ነው የሚመስለው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቤተሰቡ ሳን ፍራንሲስኮ ገባ። ካርሎስ ምግብ ቤት ሳህን እያጠበ ይሠራል፤ ልቡ ግን ያለው ፊልሞር አዳራሽ ነው። የፊልሞር ኮንሰርት አዘጋጅ ቢል ግራሃም አንድ የምወድለት ልማድ ነበረው፤ ፈጽሞ የማይገናኙ የሚመስሉ ሙዚቀኞችን በአንድ ምሽት፣ በአንድ መድረክ ያሰልፋል። በ1970 የጃዙን ማይልስ ዴቪስ ከሮኩ ባንድ ከግሬትፉል ዴድ በፊት መድረክ ያወጣ ሰው ነው። በ1966 አንድ ቀን የብሉዝ ሙዚቀኛው ፖል በተርፊልድ መጫወት ሳይችል ቀርቶ የተገኙት ሙዚቀኞች ተሰባስበው ሲጫወቱ፣ ሳንታናም ጊታር ይዞ አብሯቸው ወጣ። ግራሃም ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከእሱ አላነሳም።

እንግዲህ ልብ በይልኝ። ሳንታና የሚጫወተውን የሮክ፣ የብሉዝ፣ የጃዝና የላቲን ቅይጥ ማንም ቁጭ ብሎ ወረቀት ላይ አልነደፈውም። ማሪያቺ ቤቱ ነበር፤ ብሉዙን በቲዋና የምሽት ክበቦች ተማረው፤ ጃዝና ሮክን ፊልሞር ላይ ጎን ለጎን ሰማ፤ የሳን ፍራንሲስኮ መናፈሻ ውስጥ ደግሞ ኮንጋ የሚባለውን ረጅም የእጅ ከበሮ የሚመቱ ወጣቶች ነበሩ። ከአንዱም ከሌላውም ጋር ኖሯል። የእናንተም ባንድ እንደዚያው ነው፤ እያንዳንዳችሁ ያደጋችሁበትን ይዛችሁ መጣችሁ። ታዲያ የትኛውን ጣሉ ነው የሚሏችሁ?

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ይህን ክፍል ጊታርሽን አስቀምጠሽ አንብቢው። «ኦዬ ኮሞ ቫ» የቲቶ ፑየንቴ ድርሰት ነው፤ ፑየንቴ የኒው ዮርክ የላቲን ዳንስ ሙዚቃ ንጉሥ ነበር፣ ዘፈኑም ቻቻቻ የሚባለው የኩባ የዳንስ ምት ነው። ሳንታና በ1970 «አብራክሳስ» የሚለው አልበሙ ላይ ሲጫወተው የፑየንቴን የትራምፔትና የትሮምቦን ክፍል እንዳለ አወጣው፤ ፍሉት ይጫወተው የነበረውን ዜማ ጊታሩ ወሰደው፤ ከሥር የባንዱ አባል የግሬግ ሮሊ ሃሞንድ ኦርጋን ያጉረመርማል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚህ ነው። ትልቁ ነገር ያለው ግን ምቱ ላይ ነው።

አራት ቁጠሪ። የሮክ ድራመር ስኔሩን፣ ያንን ስል ድምፅ ያለውን ከበሮ፣ የሚመታው ሁለት ላይና አራት ላይ ነው። ኮንጋ መቺው ደግሞ ሁለት ላይ ቆዳውን በጥፊ ይለዋል፤ አራት ላይና ከአራት ቀጥላ ባለችው ግማሽ ላይ ክፍቱን ድምፅ፣ «ቱም ቱም» የሚለውን ያወጣል። ስለዚህ ስኔሩና ኮንጋው ሁለት ላይም ይገናኛሉ፣ አራት ላይም ይገናኛሉ፤ ከዚያ ኮንጋው ያቺን አንዲት ግማሽ ጨምሮ ወደሚቀጥለው አንድ ይገፋሻል። ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሳው ያ ግፊት ነው። በዚያ ላይ ቻቻቻም ሮክም ስምንተኛ ኖታዎቻቸውን እኩል እኩል ነው የሚከፍሉት፤ እንደ ስዊንግ አንዷን አስረዝመው አንዷን አያሳጥሩም። ሁለቱ የተጋቡት በግድ አይደለም፤ የሚገናኙበት ቦታ ቀድሞውንም ነበር፣ እነ ሳንታና አገኙት። እናንተም በሚቀጥለው ልምምድ ጊታርና ቤዙን ዝም አሰኙና ድራመራችሁና ከበሮ መቺያችሁ ብቻቸውን ይጫወቱ። የሚገናኙባትን ቁጥር እስክትሰሚ ድረስ ጊታርሽን አትንኪ።

ሌላም ነገር አለ። ስሙን ያስጠሩት የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች አብዛኞቹ የሌላ ሰው ድርሰቶች ናቸው። «ብላክ ማጂክ ውማን» የእንግሊዛዊው ብሉዝ ጊታሪስት የፒተር ግሪን ነው፤ ፍሊትውድ ማክ በ1968 አውጥተውታል። ሳንታና ከሃንጋሪያዊው የጃዝ ጊታሪስት ከጋቦር ሳቦ ሙዚቃ ጋር አያይዞ አንድ አደረገው። «ጂንጎ» የናይጄሪያዊው ከበሮ መቺ የባባቱንዴ ኦላቱንጂ ነው። የእንግሊዝ ብሉዝ፣ የሃንጋሪ ጃዝ፣ የምዕራብ አፍሪካ ከበሮ፣ የኒው ዮርክ ቻቻቻ፤ ሆኖም ሁለት ኖታ ሳይሞላ «ሳንታና ነው» ትያለሽ። የራስ የሆነ ድምፅ ማለት ይህ ነው እንጂ ከአንድ ስልት አለመውጣት አይደለም።

ወደ መድረኩ ልምጣ። ኦገስት 16 ቀን 1969፣ ሳንታናና በስሙ የሚጠራው ባንዱ ዉድስቶክ በሚባለው ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል አሜሪካ ውስጥ ተጫወቱ። የመጀመሪያ አልበማቸው ገና ገበያ ላይ አልዋለም፤ 400 ሺህ ገደማ ሰው ፊት ሲቆሙ አብዛኛው ስማቸውን እንኳ አያውቅም። «ሶል ሳክሪፋይስ» ቃል የሌለው ሙዚቃ ነው፤ ግጥም ይዞ የሚያስተዋውቅሽ ድምፃዊ የለም። ድራም ላይ የ20 ዓመቱ ማይክል ሽሪቭ፣ ኮንጋ ላይ ማይክል ካራቤሎ፣ ቲምባሌስ በሚባሉት የላቲን ከበሮዎች ላይ ከኒካራጓ የመጣው ሆሴ ቼፒቶ አሬያስ፣ ቤዝ ላይ ዴቪድ ብራውን። የሽሪቭን ሶሎ ቪዲዮውን ፈልገሽ እዪው። በኃይል ይጀምርና ዝቅ ያደርገዋል፤ እንደገና ዝቅ ያደርገዋል፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት ለፊቱ አስቀምጦ እምብዛም ወደማይሰማ ድምፅ ይወርዳል። ከዚያ ነው የሚነሳው። በ20 ዓመቱ ዝም ለማለት ያልፈራ ልጅ!

እናትሽ ነኝና ይህንንም አልደብቅሽም። ሳንታና ያን ቀን አደንዛዥ ነገር ወስዶ ነበር፤ የጊታሩ አንገት እንደ እባብ ሲጥመለመልበት እንደነበር ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ፊቱን ብታዪው ከጊታሩ ጋር ትግል የገጠመ ሰው ነው የሚመስለው። ሙዚቃውን ቀጥ አድርገው የያዙለት አብረውት የቆሙት ልጆች ናቸው። «ዕፅ ወስዶ ነው እንደዚያ የተጫወተው» የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው፤ አብረው ስለተለማመዱ ነው ያልወደቀው።

ከዚያ ወዲያ ዓለምን ዞሩ። እኔን ደስ ከሚሉኝ ጉዞዎቻቸው አንዱ የአክራው ነው፦ ማርች 6 ቀን 1971፣ በጋና የነፃነት በዓል፣ ጥቁር ኮከብ አደባባይ ላይ ከዊልሰን ፒኬትና ከአይክና ቲና ተርነር ጋር በአንድ ኮንሰርት ተጫወቱ። ከምዕራብ አፍሪካ ተነስቶ በካሪቢያን በኩል አሜሪካ የገባው ምት፣ ኤሌክትሪክ ጊታር ጨምሮ ወደተነሳበት ባሕር ዳርቻ ተመለሰ።

የእናንተን ጥያቄ በቀጥታ የሚመልሰው ግን በ1972 የሆነው ነው። ሦስተኛው አልበማቸው አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ወጥቷል። ሌላ ሰው ቢሆን አራተኛውንም በዚያው ልክ ይሰፋው ነበር። ሳንታና ግን የጃዝ ሳክስፎኒስቱን ጆን ኮልትሬንን ሲያዳምጥ ነው የከረመው። «ካራቫንሰራይ» የሚለውን አልበም ይዞ መጣ፤ በሌሊት ፌንጣዎች ድምፅ ይጀምራል፣ አብዛኛው ቃል የለውም፣ ለሬዲዮ የሚሆን አጭር ዘፈን የለበትም። የኮሎምቢያ ሬከርድስ ኃላፊ ክላይቭ ዴቪስ ይህ በገዛ እጅህ ሙያህን መግደል ነው ብሎ አስጠነቀቀው። ባንዱም ተከፈለ፤ ሮሊና ወጣቱ ጊታሪስት ኒል ሾን ወጥተው ጆርኒ የሚባለውን ባንድ መሠረቱ። ይህንን የምነግርሽ ዋጋውን እንድታውቂው ነው። ከለመዱሽ ነገር ስትወጪ የሚለይሽ ሰው ይኖራል፤ አንዳንዴ የሚለይሽ የምትወጂው ጓደኛሽ ነው።

በዓመቱ፣ በጁላይ 1973፣ አዲሱን ባንድ ይዞ ጃፓን ኦሳካ ላይ ተጫወተ። «ሎተስ» ተብሎ በሦስት ሸክላ የወጣው የቀጥታ ቅጂ ያ ነው። ከሥራዎቹ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዢ ቢሉኝ የምይዘው እሱን ነው። ኮንሰርቱ የሚከፈተው በዝምታ፣ በጸሎት ነው። ከዚያ ጃዙ፣ ሮኩ፣ ላቲኑ እየተቀባበለ ይሄዳል፤ የድሮዎቹ ተወዳጅ ዘፈኖችም አሉበት፣ ግን በአዲሱ ሙዚቃ መሀል ሌላ መልክ ይዘው ነው የሚመጡት። ሕዝቡ የሚያውቀውን አልነፈገውም፤ ወደማያውቀው ይዞት ሄደ እንጂ።

የ1980ዎቹንና የ1990ዎቹን ብዙ አላወራሽም። አልበሞቹ እንደ ድሮው አልሸጡም፤ እሱ ግን መድረክ ላይ ከመውጣት አላቋረጠም። በ1999 ያው ክላይቭ ዴቪስ፣ ያ ያስጠነቀቀው ሰው፣ ከወጣት ድምፃውያን ጋር አገናኝቶት «ሱፐርናቹራል» ወጣ። ከሮብ ቶማስ ጋር የሠራው «ስሙዝ» አሜሪካ ውስጥ 12 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ በ2000 ሳንታና በአንድ ምሽት 8 ግራሚ ወስዶ የማይክል ጃክሰንን ክብረ ወሰን ተጋራ። 52 ዓመቱ ነበር። ደስ ብሎኛል፤ ይገባዋል። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ያ አልበም ላይ ብዙ ቦታ እሱ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ ይሰማኛል፤ ዘፈኑ ቀድሞ ያለቀ ይመስልና ጊታሩ ክፍተት እየፈለገ ይገባል። ከ8 ግራሚው ይልቅ ያቺን የ1972 እምቢታውን አከብራለሁ።

ለኮንሰርታችሁ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ያ የማይሞት ድምፅ ከጣት ብቻ አይመጣም። ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው ድምፅ በአየር ተመልሶ ክሩን ሲያገኘው ክሩ እንደገና ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ኖታው ራሱን እየመገበ ይቆያል። ይህ ግን የሚሆነው በትክክለኛው ርቀትና አቅጣጫ ስትቆሚ ነው፤ አንድ እርምጃ ስትርቂ ይጠፋል፣ ስትጠጊ ይጮሃል። ሳንታና ከኮንሰርት በፊት መድረኩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ያቺን ቦታ ፈልጎ ወለሉ ላይ ምልክት ያደርግ ነበር። አንቺም ለድምፅ ፍተሻው ቀደም ብለሽ ሂጂ፤ ቦታሽን ፈልገሽ በፕላስተር ምልክት አድርጊ። አዳራሹ በሰው ሲሞላ ደግሞ ድምፁ እንደሚለወጥ አትርሺ፤ ሰው ድምፅ ይውጣል።

ውኃም ጠጪ። በጁላይ 2022 ሚሺጋን ውስጥ በሙቀት መሀል ሲጫወት፣ ውኃ ከሰውነቱ አልቆ መድረኩ ላይ ወድቋል፤ 75 ሊሞላው ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። አረፍ ብሎ ተመለሰና ጉዞውን ቀጠለ።

የዘፈኖቻችሁን ቅደም ተከተል ስትጨርሱ ላኪልኝ። እኔ ብሆን ያንን ቃል የሌለውን ሙዚቃችሁን ሌሎች ዘፈኖች መሀል አልደብቀውም፤ ወደ መጨረሻው አመጣውና ለከበሮ መቺያችሁ ሰፊ ጊዜ እሰጠዋለሁ። ድራመራችሁንም የሽሪቭን ቪዲዮ አሳዪው።

እናትሽ