ማጭድ ለያዙት ልጆች፦ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ኤልያስ ነው። አገሩ የስንዴ አገር ነው።

ኮምባይነር የሚባለው የእህል ማጨጃ ማሽን ይቅርብን ልል አይደለም። አባቴ ስንዴው ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ በበሬ ተበራይቶ ጎተራ እስኪገባ ስንት ሳምንት እንደሚለፋ አይቻለሁ። ያለጊዜው ዝናብ ከመጣማ ክምሩ እንዳለ ይበቅላል። ኮምባይነሩ ግን አጭዶ፣ ወቅቶ፣ አበጥሮ ያስረክባል። ይህን የሚጠላ ገበሬ የለም።

የሚጎዳው መሬት የሌለው ነው። በአጨዳ የቀን ሥራ ደብተርና ጫማ የሚገዛ ልጅ አለ። ቃርሚያ ለቅማ የምታድር እናት አለች። ጭዱም በየማሳው ተበትኖ ይቀራል። ሰኔ ላይ ላሚቱ ምን ትብላ?

አምና አንድ ኮምባይነር ጎረቤታችን ማሳ መሀል ቺንጋው ተበጥሶ ቆመ። ኦፕሬተሩ ከአርሲ የመጣ ነው። መለዋወጫና መካኒክ እስኪመጣ ሦስት ቀን ተገተረ። ማጭድ የያዙት ልጆች ዙሪያውን ቁጭ ብለው ያዩታል። አንዱ ከሥሩ ገብቶ መነካካት ሲጀምር «ተው አንተ ልጅ!» ተብሎ ተባረረ። ይሄ ልጅ እኮ የሰፈሩን የውኃ ፓምፕ ፈትቶ የሚገጥም ነው።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ አርሲ ጭላሎ ውስጥ፣ ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት በሚሠራበት አካባቢ ትራክተር ሲገባ ባለመሬቶች ጭሰኞቻቸውን አስነሥተው ራሳቸው ማረስ ጀምረው ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን በር ዘጋው። የቀን ሠራተኛውን ግን አዋጅ አያስጥለውም፤ ሙያ ነው የሚያስጥለው።

መሥሪያ ቤታችሁ በ2014 ዓ.ም. ሲቋቋም ሥራም ክህሎትም ስሙ ውስጥ ገብተዋል። እኛም የምንጠይቀው ሁለቱን ነው። ከመኸር በፊት በየቴክኒክና ሙያው አጭር ሥልጠና ይሰጥ፦ መንዳት፣ ቺንጋና ኩሽኔታ መቀየር፣ ምላጭ ማስተካከል። ተግባሩ ማሳ ላይ ይሁን። ሰርተፍኬት ብቻ ታቅፎ የሚመለስ ልጅ ሞልቶናል። ለተደራጁት ደግሞ ጭድ የሚያስር ማሽን በብድር ይሰጣቸው። መሬት አስይዙ እንዳትሏቸው ብቻ፤ መሬት ቢኖራቸውማ ማጭድ ይዘው ሰው ማሳ ላይ አይዞሩም ነበር።

የጸጥታው ጉዳይ የራሱ ደብዳቤ ስለሚፈልግ ለዛሬ ትቼዋለሁ።

ኮምባይነሩ ኅዳር ላይ ይመጣል። መልሳችሁን ከዚያ በፊት እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደብረ ኤልያስ ገበሬ ልጅ