የድጋፍ ጥሪ፦ በሰፈራችን ለሚሠራው የሙቅ ውሃ ማገገሚያ ገንዳ

የተወደዳችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ የዕድራችን አባላት፣ በውጭ አገር የምትኖሩ ልጆቻችንና ወዳጆቻችን፤

ዕድራችን ከድንኳን ማስቀመጫው ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ሕሙማን እንቅስቃሴ የሚሠሩበት የሙቅ ውሃ ገንዳ ለመሥራት ወስኗል። ውሳኔው በቀላሉ አልተላለፈም። «ዕድር ለቀብርና ለለቅሶ ነው፤ ገንዳ ምን አገባው?» ብለው በጠቅላላ ጉባኤው የጠየቁ አባቶች ነበሩ። ነገር ግን በስትሮክ ግማሽ አካላቸው የደከመ እናቶች፣ በመኪና አደጋ እግራቸው የተሰበረ ወጣቶች፣ ጉልበታቸውን እየታመሙ ከደጃቸው መውጣት ያቃታቸው አዛውንቶች ሁሉም የዚሁ ዕድር አባላት ናቸው። ሲያርፉ ተሰብስበን የምንሸኛቸው ከሆነ፣ በሕይወት ሳሉ ቆመው እንዲሄዱ ማገዝ እንዴት የእኛ ሥራ አይሆንም? ጉባኤውም በዚህ ተስማምቷል።

ሙቅ ውሃ ሕመም እንደሚያስታግስ ለእኛ የሚነግረን አያስፈልግም። ከተማችን ራሷ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍልውሃ አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ ነው። ዛሬም ወገቡን የታመመ ሰው አቅሙ ከፈቀደ ሶደሬ ወይም ወንዶ ገነት ደርሶ ይመለስና «ቀለለኝ» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ችግሩ ያ ቅለት ብዙ አለመቆየቱ ነው። የደከመን ጡንቻ የሚያጠነክረውና የተያዘን መገጣጠሚያ የሚያላቅቀው በውሃው ውስጥ በባለሙያ እየታገዙ የሚሠሩት እንቅስቃሴ ነው፤ ይህም በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለብዙ ሳምንታት መደጋገም አለበት። ሚኒባስ ላይ መውጣት የማይችል ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ ሶደሬ ሊመላለስ አይችልም። ገንዳው እዚሁ ሰፈራችን መሠራት ያለበት ለዚህ ነው።

ውሃ የታመመን ሰው የሚረዳው ክብደቱን ስለሚሸከምለት ነው። እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው እግሩ የሚሸከመው የክብደቱን ግማሽ ያህል ነው፤ እስከ ደረቱ ከገባ ሲሶ ያህሉን ብቻ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ደረቱ ድረስ ሲገባ በጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ከ25 ኪሎ ብዙም አያልፍም። መሬት ላይ አንድ እርምጃ የሚያስጮኸው ጉልበት እዚያ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። የውሃው ግፊት ያበጠውን ቁርጭምጭሚት ዙሪያውን ጫን ስለሚለው እብጠቱ እንዲቀንስ ይረዳል። ደግሞም ውሃ በፍጥነት ለሚንቀሳቀስ ይከብዳል፣ በዝግታ ለሚንቀሳቀስ ይቀላል፤ ስለዚህ ሕመምተኛው ጫናውን በራሱ ይመጥናል። ቢንገዳገድም ከመሬት ጋር አይላተምም፤ መውደቅን ለሚፈራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ሆቴል ገንዳውን ማለዳ ማለዳ በነጻ ፈቅዶልን፣ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግል የሰፈራችን ልጅ የሆነ ፊዚዮቴራፒስት (የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ጥቂት ሕሙማንን ይዞ መሥራት ጀምሮ ነበር። ቀኝ ጎናቸው በስትሮክ የደከመ አንዲት እናት ነበሩ። መሬት ላይ ሲሄዱ የቀኝ እግራቸው ጣቶች ወለሉን እየፋቁ ይጎተታሉ። እስከ ደረታቸው ውሃው ውስጥ ገብተው፣ በግራ እጃቸው ጠርዙን ይዘው፣ ባለሙያውም ከኋላ ወገባቸውን ደግፎ «እማማ፣ አሁን ጉልበትዎን ወደ ላይ» ሲላቸው እግሩ ታጥፎ ከፍ አለ። ጎንበስ ብለው ውሃው ውስጥ ያለውን የራሳቸውን ጉልበት እያዩ «ይኸው፣ ይኸው ተነሣ!» አሉ። እዚያ የነበርን ሁሉ እንባችን መጣ።

ያ ደስታ ግን አልረዘመም። ለዋና የተሠራ ገንዳ ለሕሙማን ይቀዘቅዛል፤ እማማ ከንፈራቸው እየተንቀጠቀጠ ሥራው ሳያልቅ መውጣት ነበረባቸው። መውጫው ቀጥ ያለ የብረት መሰላል ስለሆነም ሁለት ወጣቶች ተሸክመው አወጧቸው። የቀዘቀዘ ጡንቻ ይኮማተራል፣ የታመመውንም ይብስበታል። ለዚህ ሕክምና የሚስማማው ውሃ ሙቀቱ ከ33 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ነው።

ስለዚህ ልንሠራ ያሰብነው ገንዳ 6 ሜትር በ4 ሜትር ነው፤ ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ጀምሮ እስከ 1 ሜትር ከ40 ይደርሳል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባ ተዳፋት መግቢያ፣ ግራና ቀኝ የእጅ መደገፊያ ብረት፣ የማያንሸራትት ወለልና ጣሪያ ይኖረዋል። ለሴቶች ለብቻቸው የተመደበ ሰዓት ይኖራል፤ ይህ ካልሆነ ብዙ እናቶች እንደማይመጡ እናውቃለን።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ገንዳ መሙላት አግባብ ነው ወይ ለምትሉ፣ ጥያቄው እኛንም አሳስቦናል። ገንዳው የሚይዘው ወደ 29,000 ሊትር ነው፤ ሦስት የአሥር ሺህ ሊትር ሮቶ ከሚይዘው ያንሳል። በማጣሪያና በክሎሪን እየተጣራ ያው ውሃ ደጋግሞ ያገለግላል፤ በትነት የሚጎድለውን ከአዳራሹ ጣሪያ ከምናጠራቅመው ዝናብ አጣርተን ለመተካት አስበናል። ማሞቁ የበለጠ ይከብዳል። ይህን ያህል ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 34 ለማድረስ ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ የፀሐይ ማሞቂያና ሌሊት ሙቀቱን የሚጠብቅ መሸፈኛ የጠየቅነው የመብራት ወጪው ዕድሩን እንዳያራቁት ነው።

ገንዳው የሐኪምን ቦታ አይተካም። ትኩሳት፣ ያልዳነ ቁስል፣ በመድኃኒት ያልተያዘ የሚጥል በሽታ ወይም የጠና የልብ ድካም ያለበት ሰው አይገባም፤ ሁሉም የሐኪም ወረቀት ይዞ ይመጣል።

ትንሽ ነው ብላችሁ የምትተዉት መዋጮ እንዳይኖር እንለምናችኋለን። በፖሊዮ እግሮቹ የሰለሉት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በጆርጂያ ግዛት በዋርም ስፕሪንግስ ፍልውሃ ላይ ላቋቋመው ማገገሚያ፣ ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በልደቱ ቀን ሕዝቡ በየከተማው እየተሰበሰበ ገንዘብ ያዋጣ ነበር። እርሱ ራሱ ያለ ድጋፍ መራመድ አልቻለም፤ ማዕከሉ ግን ለሌሎች ተርፏል።

አሁን የሚያስፈልገን ሲሚንቶ፣ ፌሮ ብረት፣ ሴራሚክ፣ ፓምፕና ማጣሪያ፣ የፀሐይ ማሞቂያ እንዲሁም የግንበኛና የቧንቧ ሠራተኛ ጉልበት ነው። በዓይነትም በገንዘብም እንቀበላለን። በውጭ አገር በማገገሚያ ማዕከል የምትሠሩ ልጆቻችን፣ ሕሙማንን ወደ ውሃ የሚያወርድ ያገለገለ ወንበር ብታገኙልን ወይም ለእረፍት ስትመጡ ባለሙያዎቻችንን ብታሠለጥኑልን ውለታችሁ ትልቅ ነው።

ቁፋሮው ክረምቱ እንደወጣ በመስከረም ይጀመራል። የሥራው ዝርዝር በዕድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ የገቢና የወጪ ሂሳብም በየወሩ እዚያው ይለጠፋል። ገንዘብ የምትሰጡ ሁሉ በዕድሩ የባንክ ሂሳብ ብቻ አስገቡ፤ ለማንም በእጅ አትስጡ። የሂሳብ ቁጥሩን ከዕድሩ ጸሐፊ ማግኘት ይቻላል። ዕቃ የምታመጡ ደግሞ ኮሚቴው ዘወትር እሑድ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ስለሚገኝ ደረሰኝ ቆርጦ ይረከባችኋል።