አባዬ፣ ስልኩን ከካርቶኑ አውጣው

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ከስኳር መለኪያው ወረቀቶች ጋር ወደ ደብረ ማርቆስ በሚመጣ ሰው ልኬልሃለሁ። በስልክ ብነግርህ ይቀለኝ ነበር። ግን በስልክ ጠንከር ያለ ነገር ላነሳ ስል «በይ ገንዘብሽን አትጨርሺ» ትልና ትዘጋዋለህ። ደብዳቤ ሲሆን እንደዚያ አታደርግም። መነጽርህን አድርገህ፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለህ፣ እስከ መጨረሻው ነው የምታነበው።

እግርህ አብጧል አሉኝ። እህቴ ከባሕር ዳር መጥታ አይታህ ስትመለስ እንደ ዋዛ ነው ያወራችኝ፣ «አባዬ ጫማ እምቢ ብሎት በሸበጥ ነው ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው» ብላ። እሁድ ስደውልልህ ጠየቅኩህ። «ጫማው ጠቦኝ ነው» አልከኝ። ያንን ጫማ ስምንት ዓመት አድርገኸዋል አባዬ። ዛሬ ተነስቶ አይጠብም።

ስለ ስማርት ስልኩም ጠየቅኳት። «ካርቶኑ ውስጥ ነው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከእማዬ ነጠላ ሥር» አለችኝ። ላስቲኩ እንኳ አልተላጠም አለች። ከላክሁልህ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። አዝኜብሃለሁ። ግን ምክንያት እንዳለህም አውቃለሁ፣ ምክንያትህን እንዳላየ ሰው ሆኜ ልከራከርህ አልፈልግም።

ደግሞ በብዙው ነገር ልክ ነህ። «ይሄ ስልክ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ስትለኝ መልስ ፈልጌ ያጣሁባቸው ቀናት አሉ። ባለ ቁልፏ ስልክህ አንዴ ቻርጅ ከተደረገች አራት አምስት ቀን ትቆያለች። መብራት ሲጠፋ ባትሪዋን አብርተህ ደጅ ትወጣለህ። ሬዲዮ አላት። ብትወድቅ አንስተህ ክዳኗን ትገጥማለህ፣ በቃ። ቴሌብር በ2013 ግንቦት ሲጀመር ያለ ስማርት ስልክ መኖር የቀረ መስሎን ነበር፤ አንተ ግን ኮከብ 127 መሰላል ብለህ ካርድ መሙላትም ብር መላክም ለመድክ። ንግድ ባንክም በ889 ይሠራልሃል። ሁለቱም ኢንተርኔት አይፈልጉም። ለፋይዳ መታወቂያ ስትመዘገብ የወሰዱት አሻራህንና የዓይንህን ምስል ነው፤ የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥር እንደሁ በተራ መልእክት ይመጣል፣ እሷም ትቀበለዋለች። ጡረታህን ልታወጣ ባንክ ቤት ደጅ ወረፋ ስትይዝ ከድሮ ባልደረቦችህ ጋር የምትጫወተውን ጨዋታ ደግሞ የትኛውም አፕ አይተካውም። ወር ጠብቃችሁ የምትገናኙት እዚያ ነው። አንዱ ሲቀር ነው መታመሙን የምትሰሙት።

ጣትህም አለ። 38 ዓመት ጠመኔ የያዘ ጣት ነው፣ ደርቋል። መስታወቱ ደግሞ ደረቅ ጣት ቶሎ አይሰማም። አምና እህቴ በቪዲዮ ስታገናኘን ስልኳን ልትሞክር ስትቀበላት አይቼሃለሁ። አንዴ ነካኸው፣ አልሰማህም። ጠበቅ አድርገህ ተጫንከው፣ ሌላ ነገር ከፈተብህ። ከዚያ ምንም ሳትናገር ለልጇ መለስክላትና እጅህን ጋቢህ ውስጥ ከተትከው። ያቺ ነገር ከዓይኔ አልጠፋችም። ዕድሜ ልኩን ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሲያሳይ የኖረ ሰው የልጅ ልጁ «እንዲህ አይደለም» ስትለው እንዴት እንደሚከብደው ገብቶኛል።

ያ ክፉ ዓመትም አለ። በ2015 ክረምት የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ዓመት ገደማ ሲቆይ የሰው ሁሉ ስማርት ስልክ የፎቶ አልበም ሆኖ ተቀመጠ። እዚህ ያለነው ኢሞውንና ዋትሳፑን እየከፈትን፣ አንዲት ምልክት ብናይ ብለን እናድር ነበር። የአንተን ድምፅ ያሰማችኝ ባለ ቁልፏ ናት፣ መስመር በተገኘ ቀን። የሰፈሬ ሐበሾች «አባትሽን አገኘሻቸው?» ሲሉኝ «አዎ፣ አሁን አወራሁት» የምለው በእሷ ነበር። ስለዚህ እሷን ጣላት አላልኩህም፣ አልልህምም። ሁለቱም ይኑሩ።

አሁን የማወራህ ስለ እግር ነው።

ሥራዬን በደንብ ነግሬህ አላውቅም። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምሠራው። ጠዋት 1 ሰዓት እገባለሁ። ስኳር ያለባቸውን ካልሲያቸውን አውልቄ እግራቸውን አያለሁ። በየቀኑ ነው አባዬ። በጣቶቹ መሃል፣ ተረከዙን፣ ውስጥ እግሩን። ስኳር ሲቆይ እግርን ያደነዝዛል። ጠጠር ቢወጋህ፣ ሸበጡ ቢልጥህ፣ ምድጃ አጠገብ ተቀምጠህ ቢለበልብህ ላይሰማህ ይችላል። የሚያስፈራው የማያምም ቁስል ነው። ሰውየው ሳያውቀው ያመረቅዛል፣ ሲያውቀው ጣት ወደ መቁረጥ ሊደርስ ይችላል። አንድ ሽማግሌ አሉ፣ አናጢ የነበሩ። እግራቸውን ሳጥብ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ይዘረጉልኛል። ሁለተኛው ጣታቸው ከአውራ ጣቱ ይረዝማል፣ እንዳንተ። አንድ ቀን ፎጣውን እንደያዝኩ ቀረሁ። የሰው አባት እግር በየቀኑ አያለሁ። ያንተን ካየሁ 11 ዓመት ሆነኝ።

አንተ ጎንበስ ብለህ ውስጥ እግርህን ማየት አትችልም፣ ወገብህ አይፈቅድልህም። የአንተም ዓይን ድሮ የነበረው ዓይን አይደለም። ስልኩ ያስፈለገኝ ለዚህ ነው። ለፌስቡክ አይደለም፣ ለዜናም አይደለም፣ ዜናውን ከሬዲዮህ ስማ። በሳምንት አንድ ቀን የሁለቱንም እግርህን ፎቶ እንድታስነሳልኝ ነው። እብጠቱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከኩላሊትም፣ ከልብም፣ ከምትውጠው መድኃኒትም ሊመጣ ይችላል። ከዚህ ሆኜ በፎቶ የማውቀው አይደለምና ሐኪም ጋ ሂድ። ለፋሲካ ማግስት ብለህ አታቆየው። በዚህ ሳምንት ሂድ። የምትውጣቸውን ኪኒኖች በሙሉ ከነመያዣቸው በፌስታል ይዘህ ሂድ፣ ስማቸውን በቃልህ ልትነግረው አትሞክር።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ ቁመቱ ትከሻዬ ጋ ደርሷል። ኳስ ብሎ አብዷል፣ ጫማ በየአራት ወሩ ነው የምገዛለት። ትንሿ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ጀምራለች። «ጸ» እና «ፀ» ለምን ሁለት ሆኑ ብላ መምህሯን አስጨንቃቸዋለች። «አያቴ አስተማሪ ነው፣ እሱን እጠይቃለሁ» አለቻቸው። ጠይቃህ ታውቃለች እንዴ? የፊት ጥርሷ ወልቋል። ክረምት ላይ ደግሞ ዋና ላስገባት ብዬ ነበር፣ ክፍያው

እያወራሁ ያለሁት ሌላውን ላለማንሳት ነው።

ሰባት ዓመት ያልነገርኩህ ነገር አለ አባዬ። በ2011፣ እማዬ ያረፈች ሰሞን፣ ማክሰኞ ቀን ደወልኩልህ። ከኋላህ ብዙ የሰው ድምፅ ነበር። «እንግዳ መጥቶ ነው» አልከኝ። «እማዬስ?» አልኩህ። «ቤተ ክርስቲያን ናት» አልከኝ። ድምፅህ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ውሸት አትወድም፣ ልጅ ሆነን የገረፍከን ለውሸት ብቻ ነው። ያን ቀንም አልዋሸህም። እሁድ ቀብራችኋት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ነበረች።

ለምን እንዳደረግከው አውቃለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ቤት መጥቶ፣ የሚደግፍ እጅ ከጎን ሆኖ ነው የሚነገረው። እዚህ ያሉ የአገር ልጆች ቅዳሜ ማለዳ እንዲመጡልኝ ከሩቅ ሆነህ ሁሉንም አዘጋጅተህ ነበር፣ በኋላ ነገሩኝ። ባሌ እንኳ እንዳይነግረኝ አስምለኸው ነበር። ግን ሐሙስ በምሳ ሰዓት፣ የሠራተኞች ክፍል ውስጥ፣ ዳቦዬን በአንድ እጄ ይዤ ፌስቡክ ከፈትኩ። የእማዬ ፎቶ፣ ከጎኑ ሻማ፣ ከሥሩ «ነፍስ ይማር»። ከዘመድ አንዱ ነው የለጠፈው። ክፍሉ ውስጥ አማርኛ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «ምን ሆነሽ ነው?» ሲሉኝ ቃሉ በእንግሊዝኛ አልወጣ አለኝ። ስልኩን አዙሬ ፎቶውን አሳየኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ነው ስማርት ስልክን የጠላኸው። ለእኔ አልነገርከኝም። እህቴ ግን ሰምታሃለች፣ «ልጄን ከሥራዋ ላይ ያረዳት ይሄ ነው» ስትል። ለዚህ ነው ካርቶኑን ያልከፈትከው፣ የጣትህ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አባዬ፣ እኔን የጎዳኝ ስልኩ አይደለም። ማክሰኞ ዕለት ያልተንቀጠቀጠው ድምፅህ ነው። አብሬህ ማልቀስ ስችል «እንግዳ መጥቶ ነው» አልከኝ። እኔ ደግሞ «እንግዲያው አትቁም፣ አስተናግዳቸው» ብዬህ ስቄ ዘጋሁ። ያን ሳቄን የሰሙት ለቅሶ የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ደህና ነኝ» ስትለኝ አላምንህም። ይቅር በለኝ፣ ግን አላምንህም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እያንዳንዷን ቃልህን አገላብጣለሁ። ጫማው ጠቦኝ ነው ስትለኝም ያ ማክሰኞ ነው የታወሰኝ። ድምፅህን መግዛት ትችላለህ፣ ፊትህን ግን አትችልም። «አባታችሁ ሲጨንቀው የግራ ቅንድቡ ትነሳለች» ትለን ነበር እማዬ። ያቺን ቅንድብ ማየት ነው የምፈልገው። ብትነሳም እንድትነሳ ነው የምፈልገው። ከእህቴ አፍ፣ በጨዋታ መሃል፣ እንደ ዋዛ የምሰማህ ልጅ አታድርገኝ።

ብዙ ያደረግክልኝ አለ አባዬ። ለጉዞዬ የሸጥካትን ላም እስከ ዛሬ አስባታለሁ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሒሳብ የምታስጠናው የጎረቤት ልጅ ይመጣል አይደል? ካርቶኑን እሱ ይክፈትልህ። ከልጅ ልጅህ ይልቅ እሱ ይሻልሃል፣ ተማሪህ ነው፣ አንተ ሒሳብ እሱ ስልክ ትለዋወጣላችሁ። የባለ ቁልፏን ሲም አታስወጣው፣ እህቴ ሌላ ሲም ታወጣልሃለች። ጣትህን ትንሽ ቅባት አስነካትና ነካ ብቻ አድርገው፣ አትጫነው። ደግሞ ከባንክ ነኝ፣ ከቴሌ ነኝ፣ ሽልማት ደርሶዎታል ብሎ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅህ ካለ ሳታነጋግር ዝጋበት። ይሄ በባለ ቁልፏም ይመጣል።

አንድ ነገር ልለምንህ። ወረቀቴ እስከ ዛሬ አላለቀም፣ መቼ እንደሚያልቅም የሚነግረኝ የለም፣ መምጣት አልችልም። እግርህ ሲሻልህ ልጁ ስልኩን ይዞ ከኋላህ ይምጣና የእማዬን መቃብር አሳየኝ። ፎቶ አይደለም። እየሄድክ፣ ከቅጥሩ በር ጀምሮ፣ ሳትቸኩል። በናንተ ጠዋት 3 ሰዓት ማለት በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው፣ እነሳለሁ። ቤተ ክርስቲያን ናት ብለኸኝ የለ።

ቻርጀሩ ከካርቶኑ ሥር፣ ከወረቀቱ ንጣፍ በታች ነው። ነጠላዋን መልሰህ እዚያው አስቀምጣት።

ልጅህ፣
ከቨርጂኒያ