ስለኛ የተጻፈውን እኛም እናንብበው

ስለ አዳዲስ የኢትዮጵያ ታሪክና ሥነ ጥበብ መጻሕፍት ባወጣችሁት ጽሁፍ ላይ ነው አስተያየቴ። መጻሕፍቱ መውጣታቸው ትልቅ ነገር ነው፣ ግን አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ዋጋቸውም እዚህ አዲስ አበባ ያለ አስተማሪ የሚችለው አይደለም። ሐምቡርግ የተዘጋጀው የኢትዮጵያ ኢንሳይክሎፒዲያ እንኳን ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ጥራዝ ሲወጣ በእንግሊዝኛ ነው የወጣው።

እኔን በጣም የሚቆጨኝ ግን የስሞቹ ነገር ነው። ፍሬ ጽዮንን ውሰዱ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ የነበረ ሰዓሊ ነው፣ ዛሬ የምናውቀው ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ባለው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ በግዕዝ ተጽፎ ስለተገኘ ነው። ያ ስም መጽሐፍ ውስጥ ሲገባ በላቲን ፊደል ሆኖ ከአንዳንዱ ፊደል ሥር ነጥብ ተደርጎበት ነው፣ እናቴ መጽሐፉ ውስጥ ሥዕሉን አይታ የማን እጅ ነው ብላ ስትጠይቀኝ ከታች ያለውን ማንበብ አልቻለችም፣ ዳዊት የምትደግም ሰው ናት እኮ። ተመራማሪውም ይጎዳል፣ ምክንያቱም የገዳሙ አባቶች ቢያነቡት የሳተውን ያርሙለት ነበር።

ስለዚህ አሳታሚዎቹ ቢያንስ ከመጽሐፉ ኋላ አጭር የአማርኛ ማጠቃለያና በፊደላችን የተጻፈ የስም ማውጫ ያስገቡ፣ አንድ አንድ ኮፒም ለወመዘክር (ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) እና ስድስት ኪሎ ላለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ላይብረሪ ይላኩ። እናንተም በወር አንዴ ግማሽ ገጽ ለቃችሁ የአንዱን መጽሐፍ ፍሬ ሐሳብ በአማርኛ አውጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ