የጋፋት ታሪክ በሴባስቶፖል አያበቃም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ ጋፋት ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ሆኖም ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ የሠሩት የአውሮፓ ሚስዮናውያን ከመቅደላ በኋላ ወደየአገራቸው እንደ ገቡ ተደርጎ ነገሩ በአንድ ዐረፍተ ነገር መታለፉ ቅር ስላሰኘኝ፣ ቢያንስ የአንዱን ሰው የኋላ ሕይወት ለአንባቢያን ለማካፈል ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

ከባሕር ዳር በወረታ አድርጎ ደብረ ታቦር የደረሰ መንገደኛ ጋፋትን ከከተማዋ አጠገብ ያገኛታል። እዚያ የሰፈሩት ሰዎች በስዊዘርላንድ ባዝል አቅራቢያ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የተላኩ፣ በእጃቸው ሙያ እየኖሩ ወንጌል እንዲያስተምሩ የታሰቡ ምእመናን ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከስብከታቸው ይልቅ ሙያቸውን ፈለጉ፤ በዚህም ምክንያት መድፍ ማቅለጥ ሥራቸው ያልነበረ ሰዎች ከብዙ ሙከራ በኋላ ሴባስቶፖልን ሠሩ። ከእነርሱ አንዱ ስዊዘርላንዳዊው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ሲሆን፣ ያገባትም የንጉሠ ነገሥቱ ሊቀ መኳስ የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ቤል ከኢትዮጵያዊት ባለቤቱ የወለዳትን ሱዛንን ነው።

ዋልድማየር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ከወደቀች በኋላ ከቤተሰቡ ጋር አገራችንን ለቆ ዛሬ ሊባኖስ ወደምንለው ምድር ሄደ። በዚያም እ.ኤ.አ. በ1873 በብሩማና ተራራ ላይ እስከ ዛሬ የሚያስተምር ትምህርት ቤት መሠረተ፤ ኩዌከር ተብሎ የሚጠራው የወዳጆች ማኅበርም አባል ሆነ። ይህ ማኅበር ከጦር መሣሪያ ጋር ያለውን ነገር ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል አይደለም። ኩዌከሮች እ.ኤ.አ. በ1661 ለእንግሊዙ ንጉሥ ለቻርልስ ሁለተኛ ባቀረቡት መግለጫ፣ በማንኛውም ምክንያት መሣሪያ አንሥተው እንደማይዋጉ አስታውቀዋል። መድፍ የሠራ እጅ መድፍ ወደሚከለክል ማኅበር ገባ ማለት ነው፤ እኔ የጋፋት ታሪክ ትልቁ ምዕራፍ ይህ ይመስለኛል።

የኩዌከሮች እምነት በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጆርጅ ፎክስ ከተባለው እንግሊዛዊ ሰባኪ ይነሣል። በዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ ለሰው ሁሉ እንደሚያበራ የተነገረለት ብርሃን በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ አለ ብለው ስለሚያምኑ፣ ሰውን መግደል ያን ብርሃን መድፈር ነው ይላሉ፤ ለማንም ባለ ሥልጣን ባርኔጣ አያወልቁም ነበር፤ ቃላቸው ሁልጊዜ እውነት መሆን አለበትና መሐላ አይምሉም። በጥንቱ ሥርዓታቸው የሚሰበሰቡት በዝምታ ሲሆን፣ መንፈስ ያነሣሣው ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ተነሥቶ ይናገራል። በጣና ደሴቶች ገዳማት የሚኖሩትን የአባቶቻችንን አርምሞ ለምናውቅ ለእኛ ዝምታ የጸሎት መንገድ መሆኑ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የእነርሱ ግን የጉባኤ ዝምታ ነው፤ ጥምቀትና ቁርባንም በሚታይ ምሥጢር አይፈጽሙም። እኔ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ነኝና በዚህ ከእነርሱ ጋር አልስማማም፤ አለመስማማቴ ግን ሥራቸውን በትክክል ከመመዘን አያግደኝም።

ብርሃኑ በሰው ሁሉ ውስጥ ካለ ባሕር ተሻግሮ መስበክ ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የመጀመሪያዎቹ ኩዌከሮች መልስ፣ የሚሄዱት ያልነበረውን ለማምጣት ሳይሆን ያለውን ለማንቃት ነው የሚል ነበር፤ ሜሪ ፊሸር የተባለች የቤት ሠራተኛ የነበረች ሴት እ.ኤ.አ. በ1658 የኦቶማኑን ሱልጣን መሐመድ አራተኛን በጦር ሰፈሩ ድረስ ሄዳ ያነጋገረችው በዚህ እምነት ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ማኅበሩ ወደ ውስጡ ተሰበሰበ፤ በ19ኛው ደግሞ የወንጌላውያን መነቃቃት ነክቶት እንደገና ወደ ውጭ ወጣ፤ እንግሊዛውያኑ እ.ኤ.አ. በ1868 የውጭ አገር ሚስዮን ማኅበር አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1902 ሦስት አሜሪካውያን በምዕራብ ኬንያ በካይሞሲ የጀመሩት ሥራ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና የእንጨት መሰንጠቂያ ነበረው። ዛሬ ከዓለም አገሮች ሁሉ ብዙ ኩዌከሮች ያሉት በኬንያ ነው፤ አምልኳቸውም በፓስተር የሚመራና መዝሙር የሞላበት እንጂ ዝምተኛ አይደለም። በአገራችንም ጣሊያን ከተባረረ በኋላ፣ መሣሪያ አንይዝም ያሉ የወዳጆች አምቡላንስ ክፍል ወጣቶች መጥተው በሕክምና አገልግለዋል።

ወደ ዋልድማየር ልመለስ። በስተርጅናው ከቤሩት አጠገብ በአስፉሪየህ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። የእንግሊዝ ኩዌከሮች ከዚያ አንድ መቶ ዓመት ቀድመው፣ እ.ኤ.አ. በ1796፣ በዮርክ ከተማ በከፈቱት የሕሙማን ቤት በሽተኛን በሰንሰለት ከማሰር ይልቅ በደግነት፣ በሥራና በጸጥታ መንከባከብን አሳይተው ነበር፤ ብርሃኑ በታመመ አእምሮ ውስጥም አይጠፋም ብለው ያምኑ ስለ ነበር። በአካባቢያችን የታመመ ወንድምን ወይም እኅትን በሰንሰለት አስሮ ማቆየት ገና አልቀረም። ይህን በዓይኔ አይቼ ያዘንኩ ሰው በመሆኔ፣ የጋፋት ሰው በሸመገለ ጊዜ የሠራው ሥራ ከመድፉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርብ ሆኖ ይሰማኛል።

ስለዚህ ጋፋትን ለጎብኚ የሚያስረዱ ወጣቶች፣ የታሪክ መምህራንና የጋዜጣችሁ ጸሐፊዎች የሴባስቶፖልን ነገር ከተናገሩ በኋላ ብሩማናንና አስፉሪየህን፣ ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደችውን ሱዛን ቤልንም ጨምረው እንዲያነሡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጋዜጣችሁም ለዚህ አንድ ገጽ ቢሰጥ፣ ያሉኝን ማስታወሻዎች ይዤ ወደ ቢሮአችሁ ለመምጣት ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር፣ ከባሕር ዳር